ቡና ወደ አውሮፓ ለምትልኩና የማሳ መረጃውን ለምታሰናዱ ማሳሰቢያ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ የቡና ላኪ ቢሮዎች አሉ። ቡናው የሚከርመው ቃሊቲና ገላን መጋዘን ውስጥ ቢሆንም ውሉ የሚፈረመው፣ ናሙናው በኩሪየር የሚላከው፣ ከሃምቡርግና ከአንትወርፕ የሚመጣው ኢሜይል የሚነበበው እዚህ ነው። ኢሜይሉ ድሮ ስለ እርጥበት፣ ስለ ደረጃና ስለ ቅምሻ ነጥብ ይጠይቅ ነበር። አሁን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ መጥቷል። ይህ ቡና የተለቀመው ከየትኛው ማሳ ነው? ማሳው ላይ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሯል ወይ?

ጥያቄውን ያመጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 2023/1115 ነው። ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. የጸናው ይህ ሕግ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት፣ ከእነሱም የሚሠሩ ብዙ ምርቶች፣ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጡ ከሆነ ገበያው ውስጥ እንዳይገቡ ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በ2017 እና በ2018 ታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። በመጨረሻው ማራዘሚያ መሠረት ትልልቅና መካከለኛ አስመጪዎች ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ጥቃቅንና አነስተኞቹ ከሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ይገደዳሉ።

ነገሩ ለእኛ ቀላል አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ከምንልከው ቡና ትልቅ ድርሻ የሚሄደው ወደ አውሮፓ ነው። በ2016 ዓ.ም. ቡና የሚቆላው የጀርመን ድርጅት የዳልማየር አንድ ኃላፊ ከኢትዮጵያ ብዛት ያለው ቡና መግዛት መቀጠል እንደሚከብዳቸው ለሮይተርስ ሲናገሩ ቅሬታቸው ስለ ጣዕሙ አልነበረም። ከመቶ ሺዎች ትንንሽ ማሳዎች የተሰበሰበን ቡና እያንዳንዱን ወደ መጣበት መሬት መልሶ ማሳየት ነው የከበዳቸው።

ይህን የምጽፈው ለላኪ ድርጅት ባለቤቶች፣ ታብሌት ይዘው ገጠር ለሚወጡና ቢሮ ቁጭ ብለው ፋይሉን ለሚያሰናዱ ወጣቶች፣ እንዲሁም ይህንን አገልግሎት ለሚሸጡ ድርጅቶች ነው። መረጃው እውነት የሚሆነው ማሳው ላይ ነው፤ ማሳው ላይ የተበላሸ ነጥብ ቦሌ ቢሮ ውስጥ አይቃናም። የዚህ ሁሉ ሥራ ሸክምም ዛፉን ጠብቆ ባቆየው ገበሬ ጫንቃ ላይ መውደቅ የለበትም።

ዓመተ ምሕረቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ክረምቱንም ጠይቁ።

ገበሬን «መሬቱን መቼ ነው ያቀናኸው?» ብላችሁ ስትጠይቁት የሚመልስላችሁ በቀን ሳይሆን በክረምት ነው። «በ2012 ክረምት» ካለ ሕጉ ካስቀመጠው ቀን በፊት ነው። «በ2013 ክረምት» ካለ ከቀኑ በኋላ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የዝናብ ወቅት ብቻ ነው፤ የቡናው ዕጣ ግን በዚያ ይወሰናል። ታብሌቱ ላይ «2013» ተብሎ የተመዘገበን ዓመት ቢሮ ያለው ባለሙያ በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው፣ መያዝ የነበረበት ማሳ ያለ ጥያቄ ያልፋል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፣ አንዱ በእኛ ሌላው በእነሱ። የእሸት መግዣ ደረሰኙም እንዲሁ ነው። ገዢው ቡናው የተመረተበትን ጊዜ መግለጽ ስላለበት በእኛ አቆጣጠር የተቆረጠውን ደረሰኝ ሳይለውጡ መላክ ነገር ያስነሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ተተክሎ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ይይዛል። በ2013 ክረምት ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና እሸቱ ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ የጀመረው በቅርቡ ነው ማለት ነው። «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ችግር የለም» የሚል የቆየ ሪፖርት ይዛችሁ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፤ እንደገና ጠይቁ።

ነጥቡን ማሳው መካከል ቆማችሁ ውሰዱ።

የገበሬው ደጃፍ ላይ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ወይም ማጠቢያ ጣቢያው ሚዛን አጠገብ የተወሰደ ነጥብ የማሳ ነጥብ አይሆንም። ፋይሉ ካርታ ላይ ሲከፈት ወዲያው ይታወቃል፤ መቶ «ማሳ» የመኪናውን መንገድ ተከትሎ እንደ ስልክ እንጨት ተደርድሮ ይገኛል። ይህ የሚመጣው ከስንፍና ብቻ አይደለም። መረጃ ሰብሳቢውን በቀን ባመጣው የማሳ ብዛት የምትከፍሉት ከሆነ ዳገት ወጥቶ ወንዝ ተሻግሮ ማሳ የሚያይበት ምክንያት የለውም። በቀን አበል ክፈሉት፤ ከሥራውም የተወሰነውን ሌላ ሰው ሄዶ ያረጋግጥ።

ጥላው የበዛ ማሳ ውስጥ ስልክ ሳተላይቱን ቶሎ አያገኝም። ታገሱ፤ ስልኩ የሚያሳየውን የስህተት ልክ በሜትር አብራችሁ መዝግቡ። ሕጉ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል። «7.27» ብሎ መዝግቦ ቢሮ ሲደርሱ አራት ዜሮ መደርደር ቦታውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሊያዛንፈው ይችላል። ከፋ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ማለት ከገበሬው ጓሮ ተነስቶ ጥብቅ ደን መሐል መግባት ማለት ነው።

ኬክሮስና ኬንትሮስን አታቀያይሩ።

እኛ ስንጽፍ ኬክሮስን እናስቀድማለን፤ ጂኦጄሰን የሚባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ኬንትሮስን ያስቀድማል። ቦንጋ በ7.27 ሰሜንና በ36.24 ምሥራቅ አካባቢ ናት። ሁለቱ ሲቀያየሩ ማሳው አልጄሪያ ይሄዳል። ይርጋጨፌ በ6.16 እና በ38.20 ናት። ስትገለበጥ ቡናው ሜዲትራኒያን ባሕር መሐል በቅሎ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማንኛውም ፋይል ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ካርታ ላይ ከፍቶ በዓይኑ ይየው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንድ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ከመቆም ያድናል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በዓይን የማይያዘው ስህተት ነው። ብዙዎቹ የአገራችን የመሬት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) ነው፤ ስልክና ሳተላይት የሚሠሩት ግን በሌላው፣ በዓለም አቀፉ ነው። ከወረዳ መሬት አስተዳደር ያገኛችሁትን ካርታ በትክክል ሳትቀይሩ ከጫናችሁት ማሳው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። አገሩም ቀበሌውም ትክክል ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ማሳው ግን የሌላ ሰው ወይም የደኑ ሆኗል። ካርታውን ከሰጣችሁ ባለሙያ መነሻው የትኛው እንደሆነ ጠይቁና በጽሑፍ ያዙ።

ለማያስፈልግ ልኬት አታስከፍሉ፤ አትክፈሉም።

ሕጉ የማሳውን ዙሪያ በመስመር (በፖሊጎን) መለካት የሚያስገድደው ማሳው ከ4 ሄክታር ሲበልጥ ነው። ከዚያ በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል። ከቡና አምራቾቻችን እጅግ የሚበዙት ይዞታቸው አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። «ሁሉም በፖሊጎን ካልሆነ አውሮፓ አይቀበልም» እያሉ በገበሬ ቁጥር የሚያስከፍሉ ካሉ ልክ አይደሉም። እኔ ዙሪያውን ለኩ የምለው ማሳው ከደን ጋር ሲዋሰን ነው። እዚያ ላይ የተለካ ዙሪያ ገበሬውን ይከላከልለታል። ነጥብ ብቻ ስትሰጡም የማሳውን ስፋት አብራችሁ ጻፉ። ስፋት ያልተጻፈበት ነጥብ ሰፊ ማሳ ተደርጎ ሊወሰድና ግማሽ ሄክታሩ ቡና ከአጠገቡ ያለውን ደን ጠቅልሎ ሊታይ ይችላል።

ማሳ አትፍጠሩ።

ይህን ከሁሉም በላይ አጥብቄ እለምናለሁ። የጊዜ ገደብ ሲቀርብ፣ ገዢ ሲያጣድፍ፣ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ መሳል ቀላል ይመስላል። ፋይሉ ይናገራል። የሁሉም ገበሬ ስፋት 0.50 ሄክታር ይሆናል። ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ቦታቸው ብቻ ይለያያል። ሁለት ማሳ እርስ በርሱ ይደራረባል፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ፣ ሌላው ወንዝ ላይ ያርፋል። በእናንተ ፋይል መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው አስመጪው ነው። በኅብረቱ የመረጃ ሥርዓት ላይ መግለጫውን የሚሞላውና የሚፈርመው እሱ ነው፤ ለድርጅት የሚጣለው የቅጣት ጣሪያም በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጭ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። አንዴ የተታለለ ገዢ ወደዚያ ላኪ አይመለስም፤ አንዳንዱም ወደዚያ ወረዳ አይመለስም። የሐሰት ማሳ የሚጎዳው እንግዲህ ማሳውን በእውነት ያሳየውን ጎረቤት ጭምር ነው።

መጠኑንም አስሉ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። በአገራችን ከአንድ ሄክታር የሚገኘው በአማካይ ሰባት ኩንታል አካባቢ ንጹሕ ቡና ነው። ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ 40 ኩንታል እሸት አስረከበ የሚል መዝገብ ካያችሁ በሄክታር ከ26 ኩንታል በላይ ንጹሕ ቡና ሰጠ እያላችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ክፋት የለም። ጎረቤት በጎረቤት ስም ሸጧል፣ ወይም ልጅ በአባቱ መዝገብ አስረክቧል። ያንን ሰው ፈልጋችሁ መዝግቡት፤ ማሳውንም እዩ። ቁጥሩን ቀንሶ ማስተካከል መረጃውን ያበላሸዋል።

የታወቀን ቡና ካልታወቀ ጋር አትቀላቅሉ።

በሌላው ዓለም «ግማሹ ከታወቀ ምንጭ ነው» ብሎ መሸጥ የሚያስችሉ አሠራሮች አሉ። ይህ ሕግ አይቀበላቸውም። አንድ ሎት ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ አንድ ጆንያ ካለ ሎቱ በሙሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የእኛ ችግር ደግሞ የቆየ ነው። ቡና በ2001 ዓ.ም. በምርት ገበያ በኩል ማለፍ ሲጀምር በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይሸጥ ስለነበር የገበሬው ስም ከጆንያው ተለይቶ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 እና ከዚያ ወዲህ የተፈቀደው የአቅራቢና የላኪ ቀጥታ ትስስር በሩን መልሰው ከፍተዋል። በተከፈተው በር መግባት የእኛ ፈንታ ነው።

ቡናው የሚቀላቀልበትን ቦታ እወቁ። የታጠበ ቡና ብዙውን ጊዜ የሚቀላቀለው ማጠቢያ ጣቢያው ላይ፣ እሸቱ ሲደፋ ነው። ጀንፈል ግን ቀደም ብሎ፣ ሰብሳቢው ቤት ይቀላቀላል። ሰብሳቢው ከገበያም ከመንገድም ይገዛል፣ በአንድ መደብ ያደርቃል፣ አንድ ክምር አድርጎ ለአቅራቢው ያስረክባል። ዱካው የሚጠፋው እዚያ ስለሆነ ሰብሳቢውን አሠልጥኑት፤ መዝገብ ስጡት፤ ለጥራቱ ብቻ ሳይሆን ለመዝገቡም ክፈሉት። ሰብሳቢውን ሌባ እያሉ መዝገብ እንዲይዝ መጠበቅ አይሆንም። ከዚያ በኋላ የመሸኛው ቁጥር፣ የማበጠሪያው መዝገብና የመጋዘኑ ሎት ቁጥር አንድ ሰንሰለት ይሁኑ። አዲስ አበባ የደረሰው ሎት ሲበጠር ከሌላ ሎት የቀረ ቡና እንዳይጨመርበት መጋዘን ኃላፊው ለምን እንደሆነ ጭምር ይነገረው። «ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ሞላሁት» የሚለው ሰው ደግ ያደረገ ነው የሚመስለው።

የጥላ ቡናን ደን ነው ብላችሁ አትዝለሉት፤ ደኑንም ቡና ነው ብላችሁ አታሳልፉት።

እዚህ ጋ ሰከን ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ቡና ከብራዚሉ የሚለየው እዚህ ነውና። የብራዚል ቡና አብዛኛው ፀሐይ ላይ ነው፤ ሳተላይት ያየዋል። የእኛ የጓሮ ቡና፣ ከፊል ደን ቡናና የደን ቡና ከዋንዛና ከብርብራ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ዛፍ ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፍ የደን ካርታዎች የጅማን፣ የከፋን፣ የጌዴኦን ብዙ የቡና መሬት ደን ብለው ቀብተውታል። የኅብረቱ የምርምር ማዕከል ያወጣው የ2020 የደን ካርታ ማጣቀሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ኅብረቱ ራሱ አስገዳጅ አይደለም ብሏል። ካርታው አረንጓዴ ስላሳየ ብቻ ገበሬን ከዝርዝር ማውጣት በደል ነው።

ሕጉ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ ሆኖ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚበልጡበት፣ ሽፋኑም ከ10 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ነው። በእኛ አገር የደን ትርጉም ቁመቱ 2 ሜትር፣ ሽፋኑ 20 በመቶ ነው። ሁለቱ ስለሚለያዩ ከወረዳው ደን ባለሙያ ጋር ስትነጋገሩ የትኛውን ልኬት እንደያዛችሁ ተናገሩ። ከሁሉ የሚጠቅመን አንቀጽ ግን ይህ ነው፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብል የሚመረትበት የጥምር እርሻ መሬት በሕጉ ደን አይባልም። በታኅሣሥ 2013 የጥላ ቡና የነበረ ማሳ እርሻ ነው። ጥላ ዛፉ ቢመለመል፣ ቡናው ቢጎነደል ምንጣሮ አይሆንም።

ጉንደላ ግን ከላይ ሲታይ ያስደነግጣል። ያረጀው ቡና ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ሲቆረጥና ጥላው ሲሳሳ ሳተላይቱ «ዛፍ ጠፍቷል» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ጉንደላ የሚያካሂዱ ገበሬዎችን አስቀድማችሁ መዝግቡ። ከመቆረጡ በፊትና በኋላ ቀኑና ቦታው የተያዘ ፎቶ አንሡ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በደብዳቤ ያረጋግጥ። ጉንደላ ምርት የሚያሳድግ፣ መንግሥትም የሚመክረው ሥራ ነው። በዚህ ሕግ ፍርሃት ገበሬው መጋዙን ካስቀመጠ ሁላችንም እንከስራለን።

የሌላውን ወገን እውነትም እንናገር። ደን ውስጥ ገብቶ ሥሩን መንጥሮ፣ ትልልቁን ዛፍ አሳስቶ ቡና ከደረደሩ በኋላ «ድሮም የደን ቡና ነበር» ማለት አለ። ደን ወደ ጥምር እርሻ ከተለወጠ፣ ዛፍ ቢቀርበትም እንኳ፣ በሕጉ ምንጣሮ ነው። እንዲህ ያለውን ማሳ አታሳልፉ፤ ለባለቤቱም ምክንያቱን ፊት ለፊት ንገሩት። ደኑ ደን ሆኖ ቆሞ ከሥሩ የበቀለውን ቡና መልቀም የተለየ ነው፤ ያ ይፈቀዳል። ከፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ሲመዘገቡ፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 መስከረም የዓለም ቅርስ ሲሆን፣ የታየላቸው የነዋሪዎቹ ጥበቃ ነው። ደኑን በአሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበር የሚጠብቁት ሰዎች የማኅበራቸው ሰነድ፣ የወሰን ካርታቸውና መተዳደሪያ ደንባቸው ለገዢው ጠንካራ ማስረጃ ነው። ጠይቋቸው፤ ስካን አድርጋችሁ ከፋይሉ ጋር አያይዙት።

«ሰርተፊኬት» አትግዙ።

ለዚህ ሕግ የሚሰጥ ሰርተፊኬት የለም። የኦርጋኒክ፣ የፌርትሬድ፣ የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ ያላችሁ የሰበሰባችሁት መረጃ ይጠቅማችኋል እንጂ ወረቀቱ ብቻውን አያሳልፋችሁም። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ባዶ መረጃ ያስገባችሁበት ውድ ሶፍትዌር ባዶ መረጃ ይመልሳል። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት የተሠራው ዊስፕ የተባለው መሣሪያ በነፃ ነው፤ የምትሸጡትንም ሆነ የምትገዙትን ከእሱ ጋር አስተያዩት። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ለአገር አቀፉ የመከታተያ ሥርዓት ቅጽ ሲያወጣ ቅጻችሁ ከእሱ ጋር ይስማማ። በየድርጅቱ የተለያየ ቅጽ ይዘን አንድን ገበሬ አራት ጊዜ ማስቸገር ይብቃ።

ሩቅ ያለውን ገበሬ አትጣሉት።

በዚህ ሕግ ሰበብ እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ለአንድ ላኪ ቀላሉ መንገድ ትልቅ እርሻ ካላቸው ጥቂት ባለሀብቶች መግዛት፣ ወይም አስፋልት ዳር ያለውን ብቻ መዝግቦ ዳገት ላይ ያለውን መተው ነው። ፋይሉ ያምራል። ዳገት ላይ ያለው ገበሬ ግን ቡናውን በርካሽ ለመንገድ ነጋዴ ይሰጣል፤ ሲከፋው ቡናውን ነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ይተክላል። ያኔ ጥላ ዛፉም ይሄዳል፤ ደን ለማዳን የወጣው ሕግ ደን ያስቆርጣል። በየዓመቱ ከበጀታችሁ የተወሰነውን ራቅ ላሉት ቀበሌዎች መድቡ። አንድ ማጠቢያ ጣቢያ የሚጠቀሙ ላኪዎችም ወጪውን ተካፈሉ። የማሳው ነጥብ የንግድ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ ገበሬው ከፈቀደ ሁለታችሁም ተጠቀሙበት።

የልኬቱን ወጪም ከእሸቱ ዋጋ ላይ አትቁረጡ። አንድ ብርም ቢሆን።

የገበሬውን መረጃ የገበሬው ንብረት አድርጋችሁ ያዙ።

ስልክ ይዞ ማሳ የሚዞር እንግዳ ሲያይ ገበሬው መጀመሪያ የሚያስበው ግብር ሊጨመርብኝ ነው፣ ወይም መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በጌዴኦኛ ወይም በካፊኖኖ፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ ለምን እንደምትለኩ፣ ማን እንደሚያየው፣ እምቢ ቢል ምን እንደሚሆን አስረዱት። ለሽማግሌው «አንተ» እያላችሁ አትግቡ፤ «አባባ» «ጋሼ» እያላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ሚስቱም ይዞታው ላይ ስሟ ካለ ትጠየቅ፤ ስለ ማሳው ብዙውን የምታውቀው እሷ ልትሆን ትችላለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድን መረጃ ለመያዝ ከሚያስችሉ ሕጋዊ መሠረቶች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል፤ ጣት አስፈርሞ መሄድ ፈቃድ አይባልም። የስም ዝርዝርና የስልክ ቁጥር ያለበትን ኤክሴል በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁ። ሥራው ሲያልቅ የማሳውን ካርታ በወረቀት አትማችሁ ለገበሬው ስጡት። ነገ ሌላ ገዢ ሲመጣ የሚያሳየው ይኖረዋል።

ሕጉ ከደኑ ሌላ ቡናው በአገራችን ሕግ መሠረት መመረቱንም ይጠይቃል። የይዞታ ማረጋገጫ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ሰነድ፣ ለትልልቅ እርሻዎች ደግሞ የሊዝ ውልና የሠራተኛ መዝገብ አዘጋጁ። ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ምዝገባ የተካሄደበት ወረዳ ከሆነ ሥራችሁ በግማሽ ይቀላል።

ቦሌ ቆልታችሁ ለአውሮፓ የምትልኩም አትዘናጉ፤ የተቆላ ቡናም በሕጉ ውስጥ ነው። ከኤርፖርት ለዘመድ ሁለት ኪሎ ይዞ የሚሄደውን መንገደኛ ግን አታስደንግጡት፤ ሕጉ የሚመለከተው ንግድን ነው። ቦሌ ለሚ ያላችሁ የቆዳ ሰዎች ደግሞ ሕጉ ሲወጣ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው የከብት ቆዳ እንደሆነ፣ የበግና የፍየል እንዳልገባ እወቁና ጥሬ ዕቃችሁን ለዩ።

ሦስተኛ ጊዜ ይራዘማል ብላችሁ አትቀመጡ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለቀማው ጥቅምት አካባቢ ሲጀምር ማጠቢያ ጣቢያው ይጨናነቃል፤ ያኔ ማሳ ልለካ ቢሉ የሚሰማ የለም። ሕጉ የሚያየው ቡናው አውሮፓ ገበያ የገባበትን ቀን ስለሆነ፣ በ2018 ተለቅሞ መጋዘን የከረመ ቡናም ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 በኋላ ከደረሰ ማሳው ይጠየቃል፤ መርከቡ ከጅቡቲ ተነስቶ ሃምቡርግ እስኪደርስ የሚያልፉትን ሳምንታትም ቁጠሩ። መዝገቡን ቢያንስ አምስት ዓመት አቆዩ፤ አስመጪው ያን ያህል እንዲያቆይ ስለተገደደ ከእናንተም ይጠይቃል። ለቀማው ሳይጀምር ከአንድ ማጠቢያ ጣቢያ አንድ ሎት መርጣችሁ፣ ከገበሬው ደረሰኝ እስከ መሸኛው ያለውን ሙሉ ፋይል ለገዢያችሁ ለሙከራ ላኩ። የጎደለውን ዘርዝሮ እንዲመልስላችሁ ጠይቁት፤ ዝርዝሩ እንደደረሳችሁ ባለሙያዎቻችሁን ወደ ማሳው መልሱ።